የሚያሸና ኪኒን በጤነኛ ሰው ላይ፡- ግፊቱ ሳይወርድ የሚመጣ አደጋ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2023 ስለ ደም ግፊት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ሪፖርት ይፋ አድርጓል። በሪፖርቱ መሠረት በዓለማችን ከሦስት ጎልማሶች አንዱ የደም ግፊት ሕመም አለበት። ከሕሙማኑ መካከል ደግሞ ከአምስቱ አራቱ በቂ ሕክምና አያገኙም። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ሲነገር የቆየው መልእክት ግልጽ ነው፤ ግፊትዎን ይለኩ፣ ከፍ ካለ ይታከሙ፣ መድኃኒትዎን አያቋርጡ የሚል ነው።

መልእክቱ ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን ከጎኑ ብዙም የማይወራ ሌላ ጉዳይ አለ። ለሕሙማን ከሚታዘዙት የግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ግፊት የሚባል ነገር ወደሌለባቸው ሰዎች እጅም ይገባሉ። በተለይ በተለምዶ ‹‹የሚያሸና ኪኒን›› የምንላቸው መድኃኒቶች እንዲህ ናቸው። አንዷ የሠርግ ቀሚሷ እንዲገባላት፣ ሌላው የሚዛኑ ቁጥር በሁለት ቀን እንዲወርድለት፣ አንዱ ብዙ ቆሞ ውሎ እግሩ ስላበጠ፣ ሌላዋ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ሥር ስለሚያብጥ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የተረፈ ላሲክስ ተቀብለው ይውጣሉ። ‹‹ውሃ ብቻ ነው የሚያስወጣው፤ ምን ይጎዳል?›› ሲባልም እንሰማለን።

ጥያቄው ተገቢ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ጤነኛ ሰው አንድ የሚያሸና ኪኒን ቢውጥ ምን ይሆናል? ተቀምጦ ግፊቱን ቢለካ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ያው ነው። ሰዎችን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ለውጡ ያለው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን ቁጥሩን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ሰውነት በሚከፍለው ዋጋ ላይ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ይህንን ዋጋ ይመለከታል።

መድኃኒቶቹ ምን ይሠራሉ?

ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደማችን ያጣራል። ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከጨውና ከሌሎች ጠቃሚ ንጥረ ነገሮች ጋር ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። የሚያሸኑ መድኃኒቶች የሚያደናቅፉት ይህንን መልሶ የመምጠጥ ሥራ ነው። ጨው (ሶዲየም) ወደ ደም እንዳይመለስ ይከለክላሉ፤ ውሃም ጨውን ተከትሎ ይወጣል።

መድኃኒቶቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፉሮሴማይድ፣ በገበያ ስሙ ላሲክስ፣ ከኃይለኞቹ ወገን ነው። የተጣራው ሶዲየም ሩብ ያህሉ በሚመለስበት የኩላሊት ቱቦ ክፍል ላይ ይሠራል። በአፍ ሲወሰድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሥራውን ይጀምራል፤ ኃይሉም ለስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሁለተኛዎቹ ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ በቀን ውስጥ ዘገም ብለው የሚሠሩና ለደም ግፊት ሕክምና ብዙ የሚታዘዙ ናቸው። ሦስተኛው ስፓይሮኖላክቶን ነው። ይህ አልዶስቴሮን የተባለውን ጨው አስቀሪ ሆርሞን የሚገታ ሲሆን፣ ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣም ያደርጋል።

ሦስቱም በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ለልብ ድካም፣ ለጉበትና ለኩላሊት ሕመም፣ ለደም ግፊት ሲውሉ ሕይወት ያተርፋሉ። በአገራችን በወጣትነታቸው በሩማቲክ የልብ በሽታ የተያዙ ብዙ ወገኖች ያለ ላሲክስ ሌሊቱን በእንቅልፍ ማሳለፍ ይቸግራቸዋል፤ ሳንባቸው ውሃ ይቋጥራልና። ስለዚህ ክርክሩ ከመድኃኒቱ ጋር አይደለም። ጥያቄው የሚወገድ ትርፍ ውሃ በሌለበት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ብድግ ማለት ቀላል ሥራ አይደለም

ነገሩን ለመረዳት በቀን ብዙ ጊዜ የምናደርገውን አንድ ነገር እንመልከት። ተቀምጠው ወይም ተኝተው ነበር እንበል፤ ብድግ ይላሉ። በዚያች ቅጽበት ከግማሽ ሊትር እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግርዎና ወደ ሆድዎ ይወርዳል። አንድ ጎልማሳ በአጠቃላይ ያለው ደም አምስት ሊትር ያህል መሆኑን ስናስብ ይህ ትንሽ አይደለም። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲቀንስ ልብ የምትረጨውም ይቀንሳል። ምንም ዓይነት ማስተካከያ ባይኖር ኖሮ በተነሳን ቁጥር ራሳችንን እንስት ነበር።

የማንወድቀው በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ ጭንቅላት በሚወጡት ደም ቅዳዎች ላይ፣ እንዲሁም ከልብ በሚነሳው ዋናው ደም ቅዳ ቅስት ላይ ግፊትን የሚያዳምጡ የነርቭ ጫፎች ስላሉ ነው። ደም ቅዳው በደም ሲወጠር መልእክት ይልካሉ፤ ውጥረቱ ሲላላ መልእክታቸውን ይቀንሳሉ። መልእክቱ የሚደርሰው ከአንጎል ግንድ ነው። የአንጎል ግንድም ለውጡን እንዳየ ሁለት ትእዛዝ ያስተላልፋል። አንደኛው ለልብ ነው፤ ፈጠን ብለሽ ምቺ የሚል። ሁለተኛው ለደም ሥሮች ነው፤ ጠበብ በሉ የሚል። የልብ ምት በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ይጨምራል፤ የእግርና የሆድ ደም ሥሮች ይጠብባሉ። ግፊቱ ለጥቂት ሰከንዶች ዝቅ ብሎ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ሳናውቀው ነው። ሐኪሞች ይህንን ፈጣን ምላሽ የደም ግፊት ሪፍሌክስ ይሉታል።

ሮቶው ሲጎድል

በከተማችን ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሙሉ ሲሆን ውሃው የትኛውም ቧንቧ ላይ እንደልብ ይወርዳል። ሮቶው ሲጎድል ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ምንም እንዳልተፈጠረ መቅዳቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ የሚቸገረው ላይኛው ፎቅ ነው። ምድር ቤት ያለ ሰው ታዲያ ‹‹ውሃ አለ›› ቢል አይፈረድበትም፤ እሱ ዘንድ አለና።

በሰውነታችን ላይኛው ፎቅ አንጎል ነው። የሚያሸና ኪኒን የወሰደ ጤነኛ ሰው ከደሙ ፈሳሽ ክፍል (ፕላዝማ) የተወሰነው ይቀንሳል። ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ሳለ የአንጎል ግንድ ጉድለቱን አስቀድሞ ያካክሳል፤ ልብን ትንሽ ያፈጥናል፣ የደም ሥሮችን ትንሽ ያጠባል። ኩላሊትም ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህም የደም ሥርን የሚያጠብና ጨው የሚያስቀር ሌላ ሰንሰለት ያስነሳል። በዚህ ሁሉ ርብርብ ግፊቱ 120 በ80 ከነበረ እዚያው አካባቢ ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ ሰውየው ሲነሳ ይመጣል። ለመነሻ የተቀመጠው መጠባበቂያ ኃይል ከመነሳቱ በፊት ተነክቷል። ልቡ ቀድሞውንም ፈጥኗል፤ የደም ሥሮቹም ቀድመው ጠብበዋል። አሁን ግማሽ ሊትር ደም ወደ እግሩ ሲወርድ ሪፍሌክሱ ሊጨምር የሚችለው ከወትሮው ያነሰ ነው። በመሆኑም ልቡ ድው ድው ይላል፣ ዓይኑን ያጨልመዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። እንዲያም ሲል ይወድቃል።

ልብ ይበሉ፤ ሪፍሌክሱ አልተበላሸም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ እየሠራ ነው። ነገር ግን የሚሠራበት ደም አንሶታል።

የጠፈር ተጓዦች ትምህርት

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ተመራማሪዎች ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ፉሮሴማይድ ሰጥተው፣ ቀጥ ብሎ በሚቆም አልጋ ላይ አስረው ወደ ላይ በማንሳት፣ የልብ ምታቸውንና ግፊታቸውን በየምቱ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ውጤቱም ከላይ ካየነው ጋር ይገጥማል፤ ተኝተው ሳለ ግፊታቸው ብዙ አይለወጥም፣ ሲቆሙ ግን ልባቸው ከወትሮው በላይ ይፈጥናል፣ ሳይደክሙ መቆም የሚችሉበት ጊዜም ያጥራል።

ጥናቶቹ የተደረጉበት አንዱ ምክንያት ብዙዎቻችንን ሊያስገርም ይችላል። ከጠፈር የሚመለሱ ተጓዦች መሬት ላይ ሲቆሙ ራሳቸውን የማዞርና የመሳት ችግር ይገጥማቸዋል። የመሬት ስበት በማይሰማበት ቦታ ደም ወደ ላይኛው አካል ስለሚሰበሰብ ሰውነት ‹‹ፈሳሽ በዝቷል›› ብሎ ትርፍ የመሰለውን ያስወግዳል። ተጓዡ ሲመለስ የደሙ ፈሳሽ ጎድሎ ይገኛል። ሳይንቲስቶች ይህንን ሁኔታ በምድር ላይ ለማጥናት ሁለት መንገድ ይጠቀማሉ። አንዱ በጎ ፈቃደኞችን ጭንቅላታቸው ከእግራቸው ዝቅ ባለ አልጋ ላይ ለብዙ ቀናት ማስተኛት ነው። ሌላው የሚያሸና መድኃኒት መስጠት ነው። ሁለቱም የደም ፈሳሽን ስለሚያጎድሉ የልብ ምትን በሚቆጣጠረው ሪፍሌክስ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ያመጣሉ።

እንግዲህ ነገሩን እንዲህ ማየት ይቻላል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የተዋጠ አንድ ኪኒን ለብዙ ቀናት አልጋ ላይ የዋለን ሰው የሚመስል አቋም ላይ በግማሽ ቀን ሊያደርስ ይችላል። የጠፈር ተጓዦች ወደ ምድር ከመመለሳቸው በፊት የጨው ኪኒንና ውሃ የሚወስዱት ይህንን ጉድለት ለመሙላት ነው። ጤነኛ ሆኖ ኪኒን የሚውጥ ሰው ግን ተቃራኒውን እያደረገ ነው፤ የሞላውን ያጎድላል።

የቀነሰው ኪሎ ስብ አይደለም

ክብደት ለመቀነስ ብለው የሚወስዱ ሰዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ እውነትም ቁጥሩ ቀንሶ ያገኙታል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና። ስቡ ግን ከነበረበት ቦታ ንቅንቅ አላለም። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ኩላሊት የተወሰደበትን ለማስመለስ ጨው አጥብቆ ይይዛል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ክብደቱ ይመለሳል።

ኪኒኑን ለሳምንታትና ለወራት ደጋግሞ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰውነቱ ጨው የማስቀሪያ ሥርዓቱን በኃይል ስላንቀሳቀሰ፣ መድኃኒቱን ባቆመ በቀናት ውስጥ ከመጀመሪያው የባሰ ያብጣል። ሰውየው ታዲያ ‹‹ይኸው፣ ሳቆመው አበጥኩ፤ መድኃኒቱ ያስፈልገኛል ማለት ነው›› ይላል፤ ተመልሶም ይጀምራል። እብጠቱን ያመጣው ግን ሕመም ሳይሆን የመድኃኒቱ መቋረጥ ነው። ከዚህ ዑደት ለመውጣት የሐኪም ክትትል ያስፈልጋል።

ከውሃው ጋር የሚወጡት ማዕድናትም ሊዘነጉ አይገባም። ላሲክስና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ያሟጥጣሉ። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ ቁርጥማት ይመጣል፣ የልብ ምት ሥርዓቱን ሊያጣ ይችላል። በተለይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በአረጋውያን፣ ይልቁንም በእድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ሶዲየምን አውርዶ ግራ መጋባትና መውደቅ ሊያስከትል ይችላል።

እብጠት ሁሉ በኪኒን አይወርድም

እግር ሲያብጥ ብዙ ሰው ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣለት የሚያሸና ኪኒን ነው። ነገር ግን የእግር እብጠት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም፤ መንስኤዎቹም ብዙ ናቸው። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ተቀምጦ የሄደ ሰው እግሩ ቢያብጥ እንቅስቃሴና እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ ይበቃዋል። አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ቢያብጥ ምክንያቱ የደም ሥሩ መስፋት እንጂ የውሃ መብዛት ስላልሆነ የሚያሸና ኪኒን እምብዛም አይረዳውም። ያዘዘለትን ሐኪም ቢያነጋግር መፍትሔ ያገኛል።

በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔም እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። ይህ እብጠት የሚመጣው በሊምፍ ቱቦዎች መዘጋት ነው። መፍትሔው እግርን በሳሙናና በውሃ አዘውትሮ መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ መጠቅለያ ማሰርና ጫማ ማድረግ ነው። የሚያሸና ኪኒን ለእንዲህ ያለ ሰው ሰውነቱን ከማድረቅ በቀር የሚፈይድለት ነገር የለም።

ነፍሰ ጡር እናት እጇና ፊቷ በድንገት ካበጠ፣ ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ብዥ ካለባት ደግሞ ነገሩ አጣዳፊ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ኪኒን መውሰድ እናትንም ጽንስንም አደጋ ላይ ይጥላል። አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥና ሲያም፣ ወይም እብጠቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም።

ሙቀት፣ ጾምና ስቲም

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ ትኩረት የሚሻበት ሌላም ምክንያት አለ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. 2024 በመለኪያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ እንደነበር አረጋግጧል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ወጥቶ ከ1 ሺህ 300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉን የሳዑዲ ዓረቢያ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል። ሙቀት በራሱ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ በላብ ፈሳሽ ያስወጣል፣ ቆዳን ለማቀዝቀዝ ሲልም የደም ሥሮችን ያሰፋል። ሪፍሌክሱ ‹‹ጥበቡ›› ሲል ሙቀቱ ‹‹ስፉ›› ይላል። በዚህ ላይ የሚያሸና መድኃኒት ሲታከል ሁለቱ ተደጋግፈው ግፊቱን ይጥሉታል።

ከአዲስ አበባ ወደ አፋር፣ ወደ ሶማሌ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጋምቤላ ለሥራ የሚወርዱ፣ በባሕረ ሰላጤው አገራት ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ወገኖቻችን፣ ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዙም ይህንን ሊያውቁት ይገባል። መድኃኒቱ ታዝዞልዎት ከሆነ ከጉዞው በፊት መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ለክብደት ብለው የሚወስዱ ከሆነ ግን ይተዉት። ኪኒን ውጦ ስቲም ባዝ መግባት ደግሞ በጠባብ ክፍል ውስጥ የተፈጠረ በረሃ ውስጥ እንደመግባት ነው።

ጾምም እንዲሁ ማሰብን ይጠይቃል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ፣ ረጅም ሰዓት ቆመው የሚያስቀድሱ፣ በሰሙነ ሕማማት ደጋግመው የሚሰግዱ ምእመናን ብዙ ናቸው። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ቆይቶ በሶላት መጎንበስና መነሳት አለ። ስግደት በየጊዜው ግማሽ ሊትር ደምን ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ነው፤ ጤነኛ ሰውነት ይችለዋል። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ወደ ማታ ማዛወርም ብልሃት አይደለም። ሌሊት ለሽንት በጨለማ ደጋግሞ መነሳት ለአረጋውያን የመውደቅና የዳሌ ስብራት መንስኤ ይሆናልና።

መጠጥን በተመለከተም አልኮል የደም ሥር ያሰፋል፤ ሽንትም ያበዛል። ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ድካሙ እጥፍ ነው። ለጀርባና ለመገጣጠሚያ ሕመም በቀላሉ ገዝተን የምንውጣቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከሚያሸና መድኃኒትና እንደ ኢናላፕሪል ካሉ የግፊት መድኃኒቶች ጋር አንድ ላይ ሲወሰዱ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙ ይችላሉ።

በስፖርቱ ዓለም ክልክል ነው

የሚያሸኑ መድኃኒቶች በዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጪም የተከለከሉ ናቸው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ሽንትን በማቅጠን ሌላ የተከለከለ ቅመም እንዳይገኝ ሊደብቁ ይችላሉ። በክብደት የሚከፋፈሉ ስፖርተኞችም ለሚዛን ቀን ክብደት ለመጣል ይጠቀሙባቸዋል። የአውስትራሊያው የክሪኬት ተጫዋች ሼን ዋርን እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ መድኃኒት ምክንያት ከዓለም ዋንጫ ዋዜማ ወደ አገሩ ተመልሶ ለአንድ ዓመት ታግዷል። ኪኒኑን የሰጠችው እናቱ እንደሆነችና ሸንቀጥ ብሎ ለመታየት እንደወሰደው ተናግሮ ነበር። እገዳው ግን አልቀረለትም።

አትሌቲክስ የብሔራዊ ኩራት በሆነበት አገራችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከቤተሰብ እጅ የተገኘች አንዲት ኪኒን የአንድን ወጣት ሯጭ የዓመታት ልፋት ልታጠፋ ትችላለች። ከዚያም በላይ የደሙ ፈሳሽ ጎድሎ የሚሮጥ ወይም የሚታገል ስፖርተኛ ውድድሩን ከመጨረሱ በፊት ሰውነቱ ሊከዳው ይችላል።

ለታዘዘልዎት፡- በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እንዳያቋርጡ

እስካሁን ያልነው ሁሉ መድኃኒቱ ታዝዞለት የሚወስደውን ሰው ማስፈራራት የለበትም። በሕመምተኛ ላይ ያለው ሚዛን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ይፋ የሆነውና ከ33 ሺህ በላይ የደም ግፊት ሕሙማንን ያሳተፈው ኦልሃት የተባለ ጥናት፣ ክሎርታሊዶን የተባለው ርካሽ የሚያሸና መድኃኒት ከአዳዲሶቹና ውድ ከሆኑት እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከመጀመሪያ ደረጃ የግፊት መድኃኒቶች መካከል እነዚህን አካቷል።

ለሳምንታት በሥርዓት ሲወሰዱ ሰውነት ይለምዳቸዋል። መጀመሪያ የቀነሰው የደም ፈሳሽ በአብዛኛው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ዝቅ ብሎ የሚቆየው የደም ሥሮች በመላላታቸው ነው። በዚህ ምክንያት የማዞር ችግር የሚበዛው መድኃኒቱ በተጀመረበትና መጠኑ በተጨመረበት ሰሞን ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ሳይታከም የቆየ ከፍተኛ ግፊት ራሱ ደም ቅዳዎችን ያደድርና ሪፍሌክሱን ያደነዝዛል። ግፊትን በአግባቡ መቆጣጠር ሲነሱ የመውደቅ ችግርን እንደማያባብስ ትልልቅ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ አረጋግጠዋል።

የስፓይሮኖላክቶን ነገር ደግሞ ለየት ይላል። አልዶስቴሮን ለጤነኛ ሰዎች በደም ሥር ሲሰጥ የግፊት ሪፍሌክሱን እንደሚያዳክም በጥናት ታይቷል። ሆርሞኑን የሚገታው ይህ መድኃኒት ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው ሕሙማን ላይ ሞትን በ30 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመዝግቧል። እሱም ቢሆን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ያለ ደም ምርመራ የሚወሰድ አይደለም። እንግዲህ ‹‹የሚያሸና›› የሚለው አንድ ስም በውስጡ የተለያየ ባሕርይ ያላቸውን መድኃኒቶች ይዟል። ለአንዱ የጠቀመው ለሌላው የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

ሲነሱ የሚያዞርዎት ከሆነ ተቀምጦ መለካት ብቻ አይበቃም። አምስት ደቂቃ ያህል ተኝተው ወይም ተቀምጠው ይለኩ። ከዚያ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከቀነሰ ሪፍሌክሱ እየተሸነፈ ነው ማለት ነውና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ግፊቱ ባይቀንስም የልብ ምትዎ ከወትሮው እጅግ ከፈጠነ እሱንም ይንገሩ። ብቻዎን አይለኩ፤ ሰው አጠገብዎ ይኑር።

ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ በአንድ ጊዜ ብድግ አይበሉ። መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ይነሱ። ዓይንዎን ካጨለመዎት ባሉበት ይቀመጡ ወይም ይጋደሙ፤ ‹‹ያልፋል›› ብለው አይራመዱ። ረጅም ጊዜ መቆም ግድ ከሆነ የባት ጡንቻዎን እያኮማተሩ ያላሉ። ባት ደምን ወደ ላይ የሚገፋ ሁለተኛ ልብ ነው።

የታዘዘልዎትን መድኃኒት ለሰው አያካፍሉ፤ የሌላውንም አይቀበሉ። ማስታወክና ተቅማጥ ከያዘዎት ሰውነትዎ እየደረቀ ስለሆነ መድኃኒቱን ስለመቀጠል ወዲያውኑ ባለሙያ ይጠይቁ። የትኛውንም መድኃኒት ሲገዙ የሚወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ። ባለሙያዎችም ያለ ማዘዣ ሲጠየቁ ‹‹አይሆንም›› ከማለት ባሻገር ለምን እንደሚፈለግ ቢጠይቁ ብዙ የተደበቀ ሕመም ይገለጣል።

ክብደት መቀነስ የሚሹ ደግሞ መንገዱ ረዘም ቢልም የታወቀ ነው፤ ምግብን ማመጣጠን፣ መንቀሳቀስ፣ በቂ እንቅልፍ ማግኘት። ጠዋት ፊት የሚያብጥ ከሆነ ማታ የሚበላውን ጨው ይመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከአምስት ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲበቃ ይመክራል። ጨው ሲቀነስ ኩላሊት ያለ ኪኒን ትርፉን ውሃ ራሱ ያስወጣል። ከዚያ በኋላም እብጠቱ ካልጠፋ የሚያስፈልገው ምርመራ ነው፤ ምክንያቱ ኩላሊት፣ ልብ፣ ጉበት ወይም ታይሮይድ ሊሆን ይችላልና።

ውሃ ሕይወት ነው ሲባል ምሳሌያዊ ንግግር ብቻ አይደለም። ብድግ ባልን ቁጥር ሳንወድቅ የሚያቆመን በደም ሥራችን ውስጥ ያለው ውሃና ጨው ነው። ትርፍ ሲሆን ሐኪም ያውቅበታል። ትርፍ ካልሆነ ግን አይንኩት።